በአውሮፓ የከፈሉትን ቫት ለማስመለስ፦ ከሱቅ እስከ ጉምሩክ ያለው ቅደም ተከተል

ከአውሮፓ የሚመለስ መንገደኛ ማኅተም ያላረፈበት የቫት ተመላሽ ቅጽ ይዞ ቦሌ ከደረሰ፣ ገንዘቡ በአብዛኛው ቀልጦ ቀርቷል ማለት ነው። ስሕተቱ ብዙውን ጊዜ አንድና ያው ነው፤ ሻንጣውን ለአየር መንገዱ ካስረከበ በኋላ ጉምሩክን ይፈልጋል። አክስቴን ለመሸኘት ኤርፖርት በሄድኩበት ቀን፣ አንድ የክረምት ካፖርትና ሦስት ጥንድ ጫማ የያዘው ሻንጣ በማጓጓዣው ተስቦ ከገባ በኋላ ነበር ቅጹን ከቦርሳቸው ያወጡት። የጉምሩክ ሠራተኛው በትሕትና አነጋገራቸው፤ ዕቃውን ሳያይ ግን ማኅተም አላሳረፈም። ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲህ ያለው ነገር በሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ይለዩ። በጉዳዩ ውስጥ ሦስት ወገኖች አሉ። ሻጩ ቅጹን ያዘጋጃል፤ ጉምሩክ ዕቃው ከአውሮፓ ኅብረት መውጣቱን ያረጋግጣል፤ ገንዘቡን የሚከፍለው ደግሞ ሻጩ ራሱ ወይም እንደ ግሎባል ብሉና ፕላኔት ያለ ተመላሽ ከፋይ ድርጅት ነው። ጉምሩክ ገንዘብ አይከፍልም፤ ከፋዩ ድርጅትም ጉምሩክ ሳያረጋግጥ አይከፍልም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ደረጃ 1፦ መብቱ የእርስዎ መሆኑን ያረጋግጡ

መብቱን የሚወስነው የሚኖሩበት ቦታ እንጂ የፓስፖርትዎ ቀለም አይደለም። ቋሚ መኖሪያዎ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሆነ ይፈቀድልዎታል። ከአዲስ አበባ፣ ከዋሽንግተን፣ ከሪያድ ወይም ከቴል አቪቭ ለጉብኝት የመጣ ሰው ይችላል። ሮም ወይም ፍራንክፈርት በመኖሪያ ፈቃድ የሚኖር ሰው ግን ፓስፖርቱ ኢትዮጵያዊ ቢሆንም አይችልም። በጀርመን ከሦስት ወር በላይ የሚያገለግል የመኖሪያ ፈቃድ የያዘ ሰው እንደ ነዋሪ ይቆጠራል፤ በፈረንሳይ ደግሞ ቆይታዎ ከስድስት ወር ያነሰ፣ ዕድሜዎም ከ16 ዓመት በላይ መሆን አለበት። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘው አሜሪካ የሚኖሩ ከሆነ ግሪን ካርድዎን አብረው ይያዙ፤ ቅጹ ላይም የመኖሪያ አገርዎን አሜሪካ ብለው ያስሞሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ እዚያው የሚኖር ዘመድ ለራሱ የሚገዛውን ዕቃ በእርስዎ ፓስፖርት እንዳያስመዘግብ። ዕቃው ከእርስዎ ጋር ካልወጣ ማረጋገጫው ሐሰተኛ ይሆናል፤ የሚያስከትለውም ተመላሹን ማጣት ብቻ ሳይሆን ቅጣት ጭምር ነው። ስጦታ ሊገዛልዎት የሚፈልግ ዘመድ ካለም ግዢውን እርስዎ ይፈጽሙ፣ ደረሰኙና ቅጹ በእርስዎ ስም ይውጡ፣ ቢቻል ክፍያውም በእርስዎ ካርድ ወይም በጥሬ ገንዘብ ይሁን።

ደረጃ 2፦ የአገሩን ዝቅተኛ የግዢ መጠን ይወቁ

የኅብረቱ ሕግ አገሮች ዝቅተኛውን መጠን ከ175 ዩሮ በላይ እንዳያደርጉት ይከለክላል፤ ከዚያ በታች ግን እያንዳንዱ አገር የራሱን ይወስናል። መጠኑ ቫትን ጨምሮ በጀርመን ከ50 ዩሮ በላይ፣ በኢጣሊያ ከፌብሩዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ70 ዩሮ በላይ፣ በኦስትሪያ ከ75 ዩሮ በላይ፣ በፈረንሳይ ከ100 ዩሮ በላይ ነው። ስፔን ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዝቅተኛ መጠን የላትም።

የባልና የሚስት ግዢ በአንድ ቅጽ አይደመርም፤ ከሁለት የተለያዩ ነጋዴዎች የተገዛ ዕቃም እንዲሁ። ፈረንሳይ በአንድ ሱቅ ወይም በአንድ የንግድ ስም ሥር ባሉ ሱቆች ውስጥ እስከ ሦስት ቀን የተደረጉ ግዢዎች እንዲደመሩ ትፈቅዳለች። ስለዚህ መግዛት የሚያስቡትን በየቀኑ በተለያየ ቦታ ከመበታተን በአንድ ሱቅ ቢያጠቃልሉት ይሻላል።

ለሚከተሉት ተመላሽ የለም፦ ለሆቴል፣ ለምግብ ቤት፣ ለትራንስፖርትና ለማናቸውም ሌላ አገልግሎት፤ እዚያው ለተበላና ላለቀ ነገር፤ እንዲሁም ለንግድ ለሚመስል ብዛት። ይህ የመጨረሻው ለእኛ ሰዎች ትልቅ ጉዳይ ነው። ሥርዓቱ በግል ሻንጣ ለሚወጣ የግል ዕቃ ብቻ የተሠራ ስለሆነ አንድ ዓይነት የሆኑ ሠላሳ ሸሚዞች ይዞ የቀረበ ሰው ነጋዴ ተብሎ ይመለሳል። የመኪና መለዋወጫም ብዙ ሰው ያልጠበቀው ክልከላ ነው፤ ጀርመንና ፈረንሳይ ለመኪና ክፍሎች በዚህ መንገድ ቫት አይመልሱም። ለመኪናዎ መብራት ወይም ፍሬን ሸራ ሊገዙ ካሰቡ ዋጋውን ቫቱ እንደማይመለስ አድርገው ያስሉ።

ብሪታንያ ከ1 ጃንዋሪ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ ለመንገደኛ የሚደረገውን የቫት ተመላሽ አስቀርታለች። ለንደን ሱቅ ገብተው በእጅዎ ይዘው ለሚወጡት ዕቃ ተመላሽ አያገኙም።

ደረጃ 3፦ የሚመለስልዎትን አስቀድመው ያስሉ

ቫቱ በተለጠፈው ዋጋ ውስጥ ስለሚካተት፣ 20 በመቶ ነው ሲባል ከከፈሉት ላይ 20 በመቶ ይመለሳል ማለት አይደለም። 600 ዩሮ የከፈሉበትን ካፖርት ይውሰዱ። በፈረንሳይ በ20 በመቶ ምጣኔ በውስጡ ያለው ቫት 100 ዩሮ ነው። በጀርመን በ19 በመቶ ወደ 96 ዩሮ ይሆናል፤ በኢጣሊያ በ22 በመቶ ደግሞ ወደ 108 ዩሮ። ከዚህ ላይ ከፋዩ ድርጅት የአገልግሎት ዋጋውን ይቀንሳል። እንደ መጽሐፍና ምግብ ያሉ ዕቃዎች ዝቅ ያለ ምጣኔ ስላላቸው የሚመለሰው ጥቂት ነው። በቅጹ ላይ የተጻፈውን የተጣራ ተመላሽ ከማኅተሙ ድካም ጋር ያመዛዝኑት፤ ለአሥር ዩሮ ብለው አውሮፕላን የሚያመልጥዎት ከሆነ ይተዉት።

ደረጃ 4፦ በሱቁ ሒሳብ መክፈያ ላይ

1. ዕቃ ከመምረጥዎ በፊት ሱቁ የቫት ተመላሽ ይሠራ እንደሆነ ይጠይቁ። በብዙ አገር ሻጩ አይገደድም፤ ከከፈሉ በኋላ መጠየቅም ዋጋ የለውም። በፈረንሳይ «ዴታክስ»፣ በሌላውም ቦታ «ታክስ ፍሪ» ካሉ ይግባቡዎታል።
2. ዋናውን ፓስፖርት ያሳዩ። አንዳንድ ሱቆች ፎቶውን ይቀበላሉ፤ ይህን ግን እንደ ሕግ አይቁጠሩት።
3. ደረሰኙ ብቻ ቅጽ አይደለም። ደረሰኙን ከነተመላሽ ቅጹ ይቀበሉ፤ ሁለቱም እስከ መጨረሻው አብረው ይኖራሉ።
4. ከሱቁ ሳይወጡ ስምዎን ከፓስፖርትዎ ጋር፣ የፓስፖርት ቁጥሩንና የመኖሪያ አገሩን አንድ በአንድ ያመሳክሩ። የእኛ ስም የአባትና የአያት ስም ስላለው ሻጮች ቅደም ተከተሉን ያዛባሉ፤ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለ ይጻፍልዎ። ሱቁ በደቂቃ የሚያርመው ስሕተት ኤርፖርት ላይ ሊታረም አይችልም።
5. ተመላሹ በጥሬ ገንዘብ ወይስ በካርድ እንደሚሆን ይምረጡ፤ በካርድ ከሆነ ቁጥሩ በትክክል መግባቱን ይዩ።
6. ፊርማ የሚጠይቀውን ቦታ ሁሉ ወዲያው ይፈርሙ። ያልተፈረመ ቅጽ ማኅተም ካረፈበት በኋላ እንኳ ክፍያ ሊያስከለክል ይችላል።

ከተማ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ቢሮዎች ገንዘቡን ከመውጣትዎ በፊት ይሰጣሉ፤ ለዚህ ግን ካርድዎን መያዣ ያደርጋሉ። ቅጹ በተሰጠው ቀነ ገደብ ውስጥ ተረጋግጦ ካልደረሳቸው የሰጡትን ከካርድዎ መልሰው ይወስዳሉ። ገንዘቡ በእጅዎ ገባ ብለው ጉምሩክን አይዝለሉ።

ደረጃ 5፦ ቀኑን ይቁጠሩ

ዕቃው ከተገዛበት ወር ቀጥሎ ያለው ሦስተኛ ወር ከማለቁ በፊት ከአውሮፓ ኅብረት መውጣት አለበት። በማርች 5 የተገዛም ሆነ በማርች 30 የተገዛ ዕቃ ሁለቱም እስከ ጁን 30 ድረስ ነው ያላቸው። ኢጣሊያ ውስጥ ከዚህ በተጨማሪ የተረጋገጠው ሰነድ እስከ አራተኛው ወር መጨረሻ ለሻጩ ወገን መድረስ አለበት፤ ስለዚህ ለማርች ግዢ የፖስታው ገደብ ጁላይ 31 ነው።

ደረጃ 6፦ ሻንጣዎን በቅጽ በቅጽ ያሽጉ

በአንድ ቅጽ ላይ የተመዘገበ ዕቃ በሙሉ በአንድ ሻንጣ ይሁን። ግማሹ በእጅ ሻንጣ፣ ግማሹ በሚጫነው ውስጥ ከሆነ በሁለት የተለያየ ቦታ ሊያሳዩ ይገደዳሉ፤ የቀረ አንድ ዕቃም የቅጹን መጽደቅ ሊያደናቅፍ ይችላል። ዕቃውን አይልበሱ፣ አይክፈቱ፣ መለያ ወረቀቱን አይቁረጡ፣ ጉምሩኩ ሲጠይቅም ልብስ ሁሉ ሳይበተን በቀላሉ እንዲወጣ ከላይ ያኑሩት። ውድና ትንሽ የሆነውን፣ ማለትም ሰዓት፣ ጌጣጌጥና ስልክ፣ በእጅ ሻንጣ ይያዙ።

ደረሰኝ፣ ቅጽ፣ ፓስፖርትና የበረራ ትኬት በአንድ ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ ይሁኑ።

ደረጃ 7፦ ማኅተሙ የት እንደሚመታ ይወስኑ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህኛው ደረጃ ነው፤ ስለዚህ ትኬትዎን ፊትዎ ዘርግተው ያንብቡ።

ሕጉ የሚለው ዕቃው ከአውሮፓ ኅብረት የሚወጣበት የመጨረሻው ቦታ ላይ ይረጋገጥ ነው። በቀጥታ ከፓሪስ አዲስ አበባ የሚበሩ ከሆነ ጥያቄ የለም፤ ፓሪስ ነው። ከሮም ተነሥተው በፍራንክፈርት ትራንዚት የሚያደርጉ ከሆነ ግን ነገሩ በሻንጣው ይለያል። የሚጫነው ሻንጣ ሮም ላይ በቀጥታ አዲስ አበባ ድረስ መለያ ከተለጠፈበት፣ በውስጡ ያለው ዕቃ ሮም ላይ ይረጋገጣል፤ ፍራንክፈርት ላይ ሻንጣውን አያገኙትምና። በእጅ የያዙት ደግሞ ፍራንክፈርት ላይ ይረጋገጣል። ሁለቱን በረራ በተለያየ ትኬት ከገዙና ሻንጣውን ፍራንክፈርት ላይ የሚረከቡት ከሆነ ሁሉም የሚያልቀው እዚያው ፍራንክፈርት ነው።

የአውሮፓ ኅብረትና የሸንገን ቀጣና (በአንድ ቪዛ የሚገቡባቸው አገሮች ስብስብ) አንድ አይደሉም። ስዊዘርላንድና ኖርዌይ በሸንገን ውስጥ ናቸው፤ በኅብረቱ ውስጥ ግን የሉም። ከሚላን በዙሪክ በኩል የሚሄድ ሰው ሚላን ላይ ካላስመታ፣ ዙሪክ ላይ የሚያነጋግረው የኅብረቱ ጉምሩክ አያገኝም። በለንደንና በኢስታንቡል በኩል ለሚያልፍም እንዲሁ ነው። አየርላንድ በተቃራኒው ከሸንገን ውጭ ብትሆንም የኅብረቱ አባል ናት።

ደረጃ 8፦ ኤርፖርት ላይ፣ በዚህ ቅደም ተከተል ብቻ

ከበረራው ቢያንስ አራት ሰዓት ቀደም ብለው ይድረሱ። በአውሮፓ የበጋ ወራትና በበዓል ሰሞን ሰልፉ ረጅም ነው።

1. ጉምሩኩ የት እንዳለ መጀመሪያ ይወቁ። ምልክቱ በጀርመን «ጾል»፣ በኢጣሊያ «ዶጋና»፣ በፈረንሳይ «ዱዋን»፣ በስፔን «አዱዋና» ይላል። የተመላሽ ከፋዩ ድርጅት መስኮት ጉምሩክ አይደለም፤ ብዙ ሰው ቀድሞ እዚያ ተሰልፎ ሰዓቱን ያባክናል።
2. ፈረንሳይ ከሆኑ ፓብሎ የተባለውን ማሽን ይጠቀሙ። ቋንቋ ይምረጡና በቅጹ ላይ ያለውን ባርኮድ ያስነብቡ። አረንጓዴ ከበራ ጸድቋል፤ ማኅተም አያስፈልግም። ቀይ ከበራ ቅጣት አይደለም፤ ዕቃውን ይዘው ወደ ጉምሩክ ሠራተኛ ይሂዱ ማለት ነው። ስፔን ዲቫ፣ ኢጣሊያም ኦቴሎ የተባሉ ተመሳሳይ የኤሌክትሮኒክ አሠራሮች አሏቸው።
3. ጀርመን ከሆኑ ማኅተም ያስፈልጋል። የሚጫን ሻንጣ ካለዎት ወደ አየር መንገዱ መቀበያ ቀርበው «በሻንጣው ውስጥ ለጉምሩክ የሚታይ ዕቃ አለ» ብለው ይናገሩ። ሠራተኛው መለያውን ለጥፎ የመሳፈሪያ ካርድዎን ከሰጠዎት በኋላ ሻንጣውን ይመልስልዎታል፤ እርስዎ ወደ ጉምሩክ ይወስዱታል፤ ማኅተሙ ከተመታ በኋላ ሻንጣውን የት እንደሚያስረክቡ እዚያው ይነገርዎታል። ይህን ሳይናገሩ ሻንጣውን ማጓጓዣው ላይ እንዳያስቀምጡ። የእጅ ሻንጣው ከፓስፖርት ቁጥጥር ካለፉ በኋላ ባለው የጉምሩክ ቢሮ ይታያል።
4. በአንድ አገር ገዝተው ከሌላ አገር የሚወጡ ከሆነ በማሽን አይመኩ። የፈረንሳይ ቅጽ ይዘው ከፍራንክፈርት ከወጡ የፓብሎ ማሽን አያገኙም፤ የጀርመን ጉምሩክ በወረቀቱ ላይ ማኅተም ይመታልዎታል። የሌላ አባል አገር ማኅተም ሙሉ ዋጋ አለው፤ ሠራተኛው «ይህ የእኛ ቅጽ አይደለም» ካለ በትሕትና ከኅብረቱ ለቀው እየወጡ መሆኑን በትኬትዎ ያሳዩት።
5. ከጉምሩኩ ፊት ሳይርቁ ማኅተሙ በእያንዳንዱ ቅጽ ላይ ማረፉንና ቀኑ መነበቡን ያረጋግጡ።
6. የእያንዳንዱን የተረጋገጠ ቅጽ ሁለት ገጽ በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። ይህን ሳያደርጉ ወረቀቱን ለማንም አይስጡ።

ደረጃ 9፦ ገንዘቡን ይቀበሉ

አሁን ወደ ተመላሽ ከፋዩ ድርጅት መስኮት ይሂዱ። ቅጹ ላይ የተጻፈውን የድርጅት ስም ይዩ፤ አንዱ የሌላውን ቅጽ ላይቀበል ይችላል። በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል ከሆነ ተጨማሪ ክፍያ ይቀነሳል፤ በካርድ ከሆነ ጊዜ ይወስዳል፣ የሚደርስዎት ግን በአብዛኛው ከፍ ያለ ነው። ዓለም አቀፍ ክፍያ የሚቀበል ካርድ የሌለው መንገደኛ ጥሬ ገንዘቡን ቢመርጥ ይሻለዋል። በሁለቱም መንገድ ሒሳቡ በዩሮ እንዲሆን ይጠይቁ። «በዶላር ላድርግልዎት?» የሚል ጥያቄ ከቀረበ፣ ምንዛሪው በድርጅቱ ተመን እንደሚሰላና አብዛኛውን ጊዜ እንደሚጎዳዎት ይወቁ።

መስኮቱ ተዘግቶ ከሆነ የተረጋገጠውን ቅጽ ከደረሰኙ ጋር በድርጅቱ ፖስታ አሽገው እዚያው ባለው የፖስታ ሳጥን ውስጥ ይክተቱት። በፓብሎ አረንጓዴ የበራለትና በካርድ እንዲከፈል የተመረጠ ቅጽ መረጃው በኤሌክትሮኒክ ስለሚተላለፍ በአብዛኛው መላክ አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ሲበላሽ

*ሻንጣው ከተጫነ።* አየር መንገዱ ሻንጣውን መልሶ እንዲያወጣልዎ ወዲያው ይጠይቁ። ሰዓት ካለ አንዳንዴ ይቻላል። ካልተቻለም የእጅ ሻንጣውን ቅጾች አይተዉ፤ እነሱን ያስመቱ።

*ጉምሩኩ ከተዘጋ።* በሌሊት በረራ የሚያጋጥም ነው። በአቅራቢያው ያለ ስልክ ወይም የመጥሪያ ደወል ካለ ይጠቀሙ፤ ፖሊስ ወይም የኤርፖርት መረጃ መስጫን ይጠይቁ። በፈረንሳይ ማሽኑ ሠራተኛ በሌለበትም ይሠራል።

*ሳያስመቱ አዲስ አበባ ከደረሱ።* በር ሁሉ አልተዘጋም፤ ጠባብ ግን ነው። የፈረንሳይ ጉምሩክ ከግዢው ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ በጽሑፍ የሚቀርብ ማመልከቻን ያያል፤ ዕቃው ከኅብረቱ መውጣቱን የሚያሳይ ማስረጃ፣ ለምሳሌ በመኖሪያ አገርዎ ጉምሩክ ቀረጥ የከፈሉበት ሰነድ ወይም የፈረንሳይ ኤምባሲ ማረጋገጫ፣ ማያያዝ ይኖርብዎታል። የጀርመን ኤምባሲዎችም ዕቃው፣ ደረሰኙ፣ ቅጹና ፓስፖርቱ በአካል ቀርበው በክፍያ ማረጋገጫ ሊሰጡ ይችላሉ፤ ግን ግዴታ የለባቸውም፣ ቀጠሮም ያስፈልጋል። ስለዚህ ዕቃውን መለያውን ሳይቆርጡ ያቆዩት።

*ቦሌ ላይ ደረሰኝ ከተጠየቁ።* የአውሮፓ ተመላሽ ከኢትዮጵያ ጉምሩክ ግዴታ ነጻ አያወጣም። ለቫት ያሳዩት ደረሰኝ የገዙትን በሙሉ ከነዋጋው ይዘረዝራል፤ ቦሌም ያንኑ እውነት ያሳውቁ። ቀረጥ ከከፈሉ ሰነዱን ይያዙ፤ ከላይ ለተባለው ዘግይቶ ለሚቀርብ ማመልከቻ እሱው ማስረጃ ይሆንዎታል።

*ገንዘቡ ካልገባ።* ሁለት ወር ገደማ ከቆየ በኋላ በቅጹ ላይ ያለውን ቁጥር ይዘው በከፋዩ ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ያለበትን ደረጃ ይመልከቱ። «ቅጹ አልደረሰንም» ካሉ ያነሡትን የማኅተም ፎቶ ይላኩላቸው። ቅጹን ያዘጋጀው ሱቁ ራሱ ከሆነ ለሱቁ ይጻፉ። ገንዘቡ በካርድዎ መግባቱን እስኪያዩ ድረስ ደረሰኙንም ፎቶውንም አይጣሉ፤ ካርዱንም አይዝጉ።